ምዕራፍ ስድስት፦ ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ መስመር

ታጣፊ ምላጭ ሲዘጋ ስለቱ በእጀታው ሁለት ክፋዮች መካከል አንዳቸውንም ሳይነካ መግባት አለበት። ይህ ሳይሆን ሲቀር ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ምላጩ በድንጋይ ተስሏል፣ በቆዳ ተወልውሏል፣ የክንድ ፀጉር ገና ሲነካ ይቆርጣል። ባለቤቱ አጥፎ ያስቀምጠዋል። በማግስቱ ፊቱ ላይ ሲያሳርፈው ግን ይቧጭረዋል። ስለቱን በአጉሊ መነጽር ቢያየው ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ጥቃቅን ጉድለቶች ተፈጥረዋል። ሰውየው መጀመሪያ ድንጋዩን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ ብረቱን፣ በመጨረሻም የገዛ እጁን። እንደገና ይስላል፣ እንደገና ያጥፋል፣ ችግሩም እንደገና ይመጣል። በተሳለ ቁጥር ብረቱ ያልቃል እንጂ ምክንያቱ አይነካም።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሌላኛው ጫፍ፣ ምላጩና እጀታው በሚጋጠሙበት ቦታ ነው። እዚያ 1.6 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ችንካር፣ ወርክሾፕ ውስጥ ሪቬት የሚባለው፣ በአንዱ የእጀታ ክፋይ ገብቶ፣ በምላጩ አንገት አልፎ፣ በሌላኛው ክፋይ ይወጣል። ሦስት ቀዳዳ፣ አንድ ችንካር። የአንገቱ ቀዳዳ በአረብ ብረት ውስጥ ስለሆነ በቀላሉ አይለወጥም። የእጀታው ሁለት ቀዳዳዎች ግን በቀንድ፣ በእንጨት፣ በአጥንት ወይም በፕላስቲክ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት ካልተያዩ ችንካሩ ያዘነብላል፤ ችንካሩ ሲያዘነብል ምላጩ አብሮት ያዘነብላል።

ስለ ምላጭ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ብረቱና ስለ አሳሳሉ ነው። እጀታው የሚነሳው ለውበቱ ብቻ ነው። ይህ ሚዛን ትክክል አይመስለኝም። ምርጥ የተባለው ብረት ዝንፍ ባለ ቀዳዳ ላይ ከተሰቀለ በየቀኑ ራሱን ይጎዳል፤ መካከለኛው ብረት ግን በቀጥተኛ ችንካር ላይ ከዋለ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ስለ ስለቱ ብዙም አላወራም።

ዛሬ በሰው እጅ ያሉት አሮጌ ታጣፊ ምላጮች በብዛት የተሠሩት በእንግሊዝ ሼፊልድና በጀርመን ሶሊንገን ነው፤ የፈረንሳይዋ ቲዬርም ድርሻ አላት። ሼፊልድ ስሟ ይበልጥ የገነነው በ1740ዎቹ (የዚህ ምዕራፍ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ ወጥ አድርጎ ማውጣት ከቻለ በኋላ ነው። የዚያ ዘመን ምላጭ ከጀርባው እስከ ስለቱ ወፍራም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የምላጩን ሁለት ጎኖች ወደ ውስጥ እያጎደጎዱ መሞረድ ተስፋፋ፤ በዚህ በኩል ሶሊንገኖች ተራቀቁ። ስለቱ ከወረቀት የሳሳ ሆነ። አላላጩ አማረ፤ ስለቱ የእጀታውን ጎን ሲነካ የሚደርስበት ጉዳትም በዚያው ልክ ከፋ። ወፍራሙ ምላጭ ቀንድ ቢነካ የሚደነዝዘው ጥቂት ነው፤ የሳሳው ግን ይሸረፋል።

በሼፊልድ ሥራው የተከፋፈለ ነበር። የሚቀጠቅጠው አንድ ሰው፣ የሚሞርደው ሌላ፣ እጀታ የሚገጥመው ደግሞ ሌላ ነው። ብዙዎቹ የራሳቸው ጌቶች ነበሩ፤ አንድ ጠረጴዛ የሚይዝ ቦታ ተከራይተው ከትልልቅ ነጋዴዎች ሥራ እየተቀበሉ ይሠሩ ነበር። እጀታ ገጣሚው ምላጩን ያገኘው ሌሎች ሠርተው ከጨረሱት በኋላ ነው። የእሱ ድርሻ ሁለት የቀንድ ክፋዮችን አስተካክሎ መብሳት፣ በእጀታው ጭራ በኩል ሽብልቅ ማስገባትና ችንካሩን ቀጥቅጦ ማሰር ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቀጥ ብለው የኖሩ ቀዳዳዎችን ሳይ ለዚህ ስሙ ላልተጻፈ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ። አንገቱ ላይ የሚታተመው የነጋዴው ስም ነው።

ዝንፍታው ምን ያህል ያሳስታል?

ሁለት ማጠፊያዎቹ በአንድ መስመር ያልተገጠሙለት በር ወይ ወለሉን ይፍቃል፣ ወይ ብቻውን ይከፈታል። ምላጭም ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ በምላጭ ላይ ስሕተቱ የሚለካው በፀጉር ውፍረት መሆኑ ነው። እስቲ እናስላው። በሁለቱ የእጀታ ክፋዮች መካከል፣ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት 8 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ አንገቱ 5፣ የክፋዮቹ ግማሽ ግማሽ ውፍረት ተደምሮ 2.5፣ በአንገቱና በክፋዮቹ መካከል የሚገቡት ስስ ቀለበቶች፣ የውስጥ ሮንዴላዎቹ፣ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር። ከችንካሩ እስከ ምላጩ ጫፍ ያለው ርዝመት ወደ 100 ሚሊሜትር ይጠጋል። አሁን አንዱ ቀዳዳ ከሌላው 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ፊት ቀደመ እንበል። ይህ በዓይን የማይታይ ነው፤ ሁለት ወረቀት ቢደራረብ ያን ያህል ይሆናል። በ8 ሚሊሜትር ላይ 0.2 ማለት አንድ አርባኛ ማዘንበል ነው። የ100 ሚሊሜትር አንድ አርባኛ 2.5 ሚሊሜትር ነው። የምላጩ ጫፍ በሚያርፍበት ቦታ በክፋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በብዙ ምላጮች ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ከመሃል ወደ አንዱ ጎን ያለው ግማሹ ነው። ጫፉ ጎኑን ነካ ማለት ነው።

በተግባር ስሌቱ እንዲህ ሙሉ በሙሉ አይፈጸምም። የአንገቱ ቀዳዳ ከችንካሩ ጥቂት ስለሚሰፋ፣ ክፋዮቹም አንገቱን ከሁለት ወገን ጨብጠው ስለሚይዙት፣ የማዘንበሉ ከፊል እዚያው ይቀራል። ግን በነጻ አይቀርም። ችንካሩ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ የክፋዮቹ ገጽ ወደ ሌላ ይገፋል፤ ስለዚህ ምላጩ ሲከፈት አንዱ ቦታ ላይ ይጠብቃል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይላላል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ዘይት ይጨምርበታል። ዘይት የሚጠቅመው ለዝገት ነው እንጂ ለዝንፍታ አይደለም።

እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ ዝንፍታው ወደየት ነው የሚለው ነው። አንዱ ቀዳዳ በእጀታው ርዝመት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከሄደ፣ ምላጩ ሲዘጋ ጫፉ ወደ አንዱ ክፋይ ይሄዳል። ቀዳዳው በእጀታው ወርድ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሄደ ግን ጫፉ መሃል ላይ ይቆይና ምላጩ በጎኑ ይተኛል፤ ጀርባው ወደ አንዱ ክፋይ፣ ስለቱ ወደ ሌላው ያጋድላል። ሁለቱ ስሕተቶች አንድ ላይ ሊኖሩም ይችላሉ።

ይህን ሳይፈቱ፣ ሳይሰብሩ ማወቅ ይቻላል፤ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ይህን ፍተሻ ቢወስድ ደስ ይለኛል። በአንዱ ክፋይ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለምልክት ይለጥፉ። ምላጩን ይዝጉና ጫፉ ወደ ምልክቱ ነው ወይስ ከምልክቱ ይርቃል ብለው ይመልከቱ። ቀጥሎ ምላጩ ከእጀታው ጋር አንድ ቀጥ ያለ መስመር እስኪሠራ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱትና ያንኑ ይመልከቱ። ምላጩ ራሱ የተጣመመ ከሆነ፣ ሲዘጋም ሲከፈትም ወደዚያው ወደ አንዱ ወገን ያጋድላል፤ ምክንያቱም ጠመሙ ከብረቱ ጋር አብሮ ይዞራል። ያዘነበለው ችንካሩ ከሆነ ግን ሲዘጋ ወደ ምልክቱ የነበረው፣ ሲከፈት ከምልክቱ ተቃራኒ ይሆናል። በመጨረሻም ምላጩን ግማሽ ድረስ ከፍተው ከእጀታው ጋር ስኳድራ እንዲሠራ ያድርጉ። በዚህ አቋም ላይ ማጋደሉ ከጎላ ዝንፍታው በወርድ ነው፤ በዚህ አቋም ቀጥ ብሎ በሌሎቹ ሁለቱ ካጋደለ በርዝመት ነው። ዘግተው ብቻ ሲያዩት አጋድሎ፣ ግማሽ ሲከፈትም ሙሉ ሲከፈትም ምንም የማይል ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ንጹሕ ነው፤ የተወላገደው እጀታው ነው።

ከዚህ ፍተሻ በፊት መሣሪያ የሚያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ደኅናውን ነው። ደኅና ቀዳዳ ደፍኖ፣ አዲስ በስቶ፣ ጥፋቱ በጭራው በኩል ያለው ሽብልቅ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሽብልቁ በአንድ ጎኑ ከወፈረ ክፋዮቹን ያጣምማቸዋል። የውስጥ ሮንዴላ በአንዱ በኩል ኖሮ በሌላው ከሌለም ምላጩ ከመሃል ይወጣል፤ ይህ ግን ማዘንበል ሳይሆን እንዳለ ወደ ጎን መሸሽ ስለሆነ፣ በሦስቱም አቋሞች እኩል ይታያል።

ቀዳዳ ለምን ይዛነፋል?

አንዳንዱ ከመጀመሪያውም እንዲያ የተሠራ ነው። ፑንታ፣ ማለትም የመብሻው ብረት፣ ጎበጥ ባለ ገጽ ላይ ሲያርፍ ከመግባቱ በፊት ይንሸራተታል፤ በእጅ በተያዘ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ሲሆን ይብሳል። ክፋዮቹ ለየብቻ ከተበሱ ዝንፍታ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። ቤታቸው ውስጥ አዲስ እጀታ የሚሠሩ ሰዎች ምላጮች ላይ በብዛት የማየው ይህን ነው።

አሮጌዎቹ ግን በአብዛኛው በትክክል ተሠርተው ኋላ የተበላሹ ናቸው። ቀንድ ሕይወት የነበረው ነገር ነው፤ የጥፍርና የፀጉር ዘመድ በሆነ ኬራቲን በሚባል ነገር የተገነባ፣ በሙቀት የሚለሰልስ፣ ሲደርቅ የሚኮማተርና የሚቆለመም። አገራችን ያሉ ዋንጫ ሠሪዎች ቀንድን አሙቀው ቅርጽ የሚያስይዙት በዚሁ ጠባዩ ነው፤ የሼፊልድ ሰዎችም ቀንዱን አሙቀው በብረት ቅርጽ መካከል ይጫኑት ነበር። አንዴ በሙቀት የታዘዘ ቀንድ በሌላ ጊዜ ሙቀትም ያዘዋል፤ ለመቶ ዓመት መስኮት አጠገብ የኖረ እጀታ አንዱ ክፋይ ከሌላው የተለየ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ክፋዩ ሲጣመም ቀዳዳውም አብሮት ይሄዳል። ከዚህ ሌላ አጠቃቀም አለ። ችንካሩ በየቀኑ ሲጎተት ቀዳዳው ክብነቱን ይለቅና ሞላላ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ያለፈ ጥገና ነው፤ ችንካሩ ሲጠፋ በምትኩ የተቆረጠ ምስማር የገባበት፣ አልገባ ሲል ቀዳዳው በጋለ ሽቦ የሰፋ ምላጭ ብርቅ አይደለም።

ዛሬ ፀጉር ቤቶቻችን ውስጥ የምናየው፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ የሚገባበት ታጣፊ መያዣም በዚሁ ችንካር ነው የሚዞረው። እዚያ ስለቱ በየጊዜው ስለሚጣል ዝንፍታው ስለት አይጎዳም፤ ሲላላ ግን ፀጉር አስተካካዩ እጅ ላይ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

ችንካሩን ማውጣት

ምንም ከመደረጉ በፊት ስለቱ በወፍራም ፕላስተር ይሸፈን። ይህ ለምላጩም ለጣትም ነው። አሮጌ የሼፊልድ ምላጮች ሽብልቃቸው የእርሳስ ብረት ሊሆን ስለሚችል፣ ለስላሳና ግራጫ ከሆነ አይሞርዱት፤ ከነኩት በኋላም እጅዎን ይታጠቡ።

የችንካሩ ራስ ከላይ በትንሽ ሮንዴላ ላይ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ ነው። ሮንዴላውን ማትረፍ ይገባል፤ የአሮጌ ምላጭ ሮንዴላ በሱቅ የማይገኝ ቅርጽ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ራሱን በሞረድ ከመፋቅ ይልቅ መሃሉን በሹል ብረት ነጥብ አድርጎ፣ 1.2 ሚሊሜትር በሆነ ፑንታ ቀስ ብሎ ጥቂት ማጎድጎድ ይሻላል። የተዘረጋው ከንፈር ሲሳሳ ሮንዴላው ብቻውን ይነሳል። ከዚያ ምላጩን ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስተኝተው፣ የችንካሩ ሌላ ራስ በእንጨቱ ቀዳዳ ላይ እንዲያርፍ አድርገው፣ በ1.5 ሚሊሜትር ቀጥ ያለ ብረትና በቀላል መዶሻ መታ መታ ያደርጉታል። ከቀዳዳው እስከ ቀንዱ ዳር ያለው ሥጋ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ነው። ችንካሩ ወጥሮ እምቢ ካለ ኃይል አይጨምሩ፤ ደረቅ ቀንድ ከቀዳዳው እስከ ዳሩ ይሰነጠቃል፤ ይህ ስንጥቅ ደግሞ ተመልሶ የሚድን አይደለም። ሌላኛውንም ራስ ያሳሱና እንደገና ይሞክሩ።

የወጣውን ችንካር ብርሃን ላይ ይዩት። ቀጥ ያለ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ነበሩ ያዘነበሉት። መሃሉ ላይ ተቆልምሞ ከወጣ ቀዳዳዎቹ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ፤ አዲስ ቀጥ ያለ ችንካር ብቻ የሚበቃው ምላጭ አለ። ለማረጋገጥ በክፋዮቹ መካከል እንደ አንገቱ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ያስገቡ፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚያልፍ ረጅምና ቀጥ ያለ የ1.6 ሚሊሜትር ዘንግ ያሳልፉ፣ ትንሽ ስኳድራ በእንጨቱ ዳር አስደግፈው ዘንጉን ከሁለት አቅጣጫ ይዩ። ዘንጉ ረጅም ስለሆነ በዓይን የማይታየው ዝንፍታ ጫፉ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ቀዳዳውን ማንቀሳቀስ

አንድ ሥርዓት አለ፤ ሁለቱንም ቀዳዳ ከመንካት አንዱን ብቻ መንካት። የትኛውን? ምላጩን በእጁ ቦታው ላይ አስተኝቶ የአንገቱ ቀዳዳ በየትኛው ክፋይ ላይ በትክክል እንደሚወድቅ ማየት ነው። ስለቱ ወደ እጀታው በቂ ጥልቀት የሚገባበት፣ ጫፉም ሽብልቁን የማይነካበት ቦታ ትክክለኛው ነው። ያን የሚሰጠው ቀዳዳ ይቆይ፤ ሌላው ወደ እሱ ይምጣ።

ዝንፍታው ከ0.4 ሚሊሜትር የማይበልጥ ከሆነ ቀዳዳውን በነሐስ ቱቦ ማልበስ ከሁሉ የጠራ መፍትሔ ነው። በውጭ 2.4፣ በውስጥ 1.6 ሚሊሜትር የሆነ ስስ የነሐስ ቱቦ የሞዴል አውሮፕላንና መርከብ ዕቃ በሚሸጥበት ይገኛል። አሠራሩ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሰፋ ያለ ፑንታ በአሮጌ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ አሮጌውን መንገድ ይከተላል፤ ቀዳዳው ይሰፋል እንጂ አይንቀሳቀስም፤ መሃሉ ያው ዝንፍ ያለው መሃል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በመርፌ ሞረድ ቀዳዳውን መሄድ ወዳለበት ወገን ብቻ መሳብ፣ ሞላላ ማድረግ ያስፈልጋል። ክፋዩን ሞርሳ ላይ በቆዳ ጠቅልለው ይሰሩት፤ ሞረዱን በተፈለገው ወገን ብቻ አስደግፈው ወደ አንድ አቅጣጫ እየገፉ ይሳቡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞረዱ በኋላ በዘንጉ ይለኩ። መሃሉ ቦታው ሲደርስ በ2.4 ሚሊሜትር ያጠሩትና ቱቦውን ጥቂት ኤፖክሲ ቀብተው ያስገቡ። የአሮጌው ቀዳዳ ትራፊ እንደ ጨረቃ ጥፍር ቢቀር በዚያው ኤፖክሲ ይሞላል፤ ከላይ ደግሞ 5 ሚሊሜትር የሚጠጋ ወርድ ያለው ሮንዴላ ይሸፍነዋል። ነሐሱ ቀንዱን ከችንካሩ ስለሚለይ፣ ቀዳዳው ከእንግዲህ በአጠቃቀም አይሞላልም። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የተሻለ ሆኖ ይወጣል።

ዝንፍታው ከዚያ ከበለጠ ቀዳዳው ተደፍኖ እንደገና መበሳት አለበት። መድፈኛው ከራሱ ከእጀታው ዓይነት ይሁን፤ ለቀንድ ቀንድ፣ ለእንጨት እንጨት። ከአሮጌ የቀንድ ቁልፍ ወይም ከተሰበረ ማበጠሪያ ቀጭን እንጨት የምታህል ቁራጭ ትቀረጻለች፤ አንዱ ጫፏ በጣም በጥቂቱ ይሹል። አሮጌው ቀዳዳ ከዘይትና ከእድፍ በአልኮል ይጸዳል። ኤፖክሲ ተቀብቶ መድፈኛው በጣት ኃይል እስኪጨብጥ ይገባል፤ በመዶሻ አይመታም። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ይተዋል። ፈጥኖ የሚደርቀው የአምስት ደቂቃው ኤፖክሲ ለዚህ ሥራ ይለሰልሳል። ሲደርቅ ትርፉ በስስ መጋዝ ይቆረጥና በብርጭቆ ወረቀት ከ400 ቁጥር ጀምሮ እስከ 2000 እየተሳሳ ይለሰልሳል። አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ ጭንብል ያድርጉ ወይም ወረቀቱን ውኃ እያስነኩ ይሥሩ።

አዲሱ ቀዳዳ የሚበሳው ሁለቱ ክፋዮች አንድ ላይ ሆነው ነው። ይህ የሥራው ልብ ነው። የውስጥ ገጾቻቸው ፊት ለፊት ሆነው በሁለት ወገን በሚለጥፍ ፕላስተር ይጣበቃሉ፤ በጭራው በኩል ያለው ደኅና ቀዳዳ በጊዜያዊ ችንካር ይያዛል። ከዚያ ትክክለኛው ቀዳዳ ራሱ መሪ ይሆናል፤ ፑንታው በእሱ በኩል ገብቶ በተደፈነው በኩል ይወጣል። ሥር ጠንካራ እንጨት ይደረጋል፤ አለዚያ ፑንታው ሲወጣ ቀንዱን ቦጭቆ ይወጣል። ቋሚ ትራፓኖ ካለ እሰየው፤ ከሌለ ትንሿን የእጅ መብሻ በጣት እያዞሩ መሥራት በኤሌክትሪክ የእጅ ትራፓኖ ከመሥራት ይሻላል። ፍጥነቱ ዝግ ይበል፤ ፑንታው በየጊዜው ይውጣና ፍርፋሪውን ይጣል። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ቀንዱ ግሏል ማለት ነው፤ የጋለ ቀንድ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝም ቀዳዳው ከታሰበው ይጠባል።

ክፋዮቹ ሲገጠሙ በጭራው በኩል ጠባብ፣ በአንገቱ በኩል ሰፊ ስለሚሆኑ፣ ተጣብቀው የተበሱት ቀዳዳዎች ከተገጠሙ በኋላ ቀጥ ብለው ይቆማሉ ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። እያንዳንዱ ክፋይ የሚያጋድለው ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው፤ የአንዱ ማጋደል የሌላው መስታወት ስለሆነም እርስ በርስ ይጣፋሉ። ችንካሩ ቀጥ እንዳለ ያልፋል።

እስካሁን የተናገርኩት ቀንድን አስቤ ነው። ሴሉሎይድ ሌላ ነገር ነው። ጆን ዌስሊ ሀያት አሜሪካ ውስጥ በ1870 ግድም ከሠራው ወዲህ የምላጭ እጀታ በሱ ተጥለቀለቀ፤ የኤሊ ልባስና የዝሆን ጥርስ መስሎ ይሠራል። ለማወቅ የሚረዳ ፍንጭ አንገቱ ላይ አለ። የአሜሪካ የ1890 የታሪፍ ሕግ ወደ አገሩ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ ስላዘዘ፣ የአገር ስም የታተመበት ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው፤ የዚያን ጊዜ ምላጭ ጥርስ የሚመስል እጀታ ካለው ሴሉሎይድ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ሴሉሎይድ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ እሳት ወይም የጋለ ብረት ፈጽሞ አይጠጋው። ሲያረጅም ራሱን እያፈረሰ የአሲድ ትነት ይለቅቃል፤ እጀታው ውስጥ ባለው የምላጩ ክፍል ላይ ብቻ ዝገት ከታየ ምክንያቱ እሱ ነው። እንዲህ የጀመረውን እጀታ ቀዳዳውን መጠገን ልፋት ነው። ምላጩን አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡት፣ አዲስ እጀታም ይሥሩለት።

እውነተኛ የዝሆን ጥርስ ወይም የኤሊ ልባስ ከሆነ አይብሱት። የሁለቱም ዓለም አቀፍ ንግድ በአብዛኛው የተከለከለ ስለሆነ ምትክ ማግኘት ይከብዳል። የአንገቱን ቀዳዳ በጥቂቱ አስፍቶ እዚያው ቱቦ ማልበስ፣ ወይም ምላጩን እንዳለ ለመታየት ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስለ አቋራጩ መንገድም ልናገር። የችንካሩን አንዱን ራስ አብዝቶ በመቀጥቀጥ ምላጩን ወደ መሃል መግፋት ይቻላል፤ ማጋደሉ የፀጉር ያህል ከሆነ ይሠራል፤ እኔም አልቃወመውም። ለእውነተኛ ዝንፍታ ግን ችንካሩን ማጉበጥ ነው፤ የጎበጠ ችንካር ቀዳዳውን በጥቂት ወራት ያሞላልላል። ምላጩን ራሱን በሞርሳ ይዞ ማቃናት ደግሞ ከናካቴው መከልከል አለበት። ስለቱ በእሳትና በውኃ የጠነከረ አረብ ብረት ነው፤ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ግሎ እንዲለሰልስ ቢደረግም ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ስለት እንደ ቀድሞው አይይዝም።

ማሰር

አዲሱን ችንካር ወዲያው መቀጥቀጥ አያስፈልግም። 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ትንሽ ብሎንና ዳዶ መጀመሪያ ይገጠም፤ ያን ሦስት አቋም ፍተሻ እንደገና ያድርጉ። ካልተስማማ መፍታት ነው፤ የተቀጠቀጠ ችንካር ግን ስሕተት በታየ ቁጥር አውጥቶ አዲስ ማስገባት ይጠይቃል።

ሲስማማ ከነሐስ ወይም ነጭ ከሆነው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ የ1.6 ሚሊሜትር ችንካር ይቆረጣል። ከሮንዴላው በላይ በእያንዳንዱ ወገን 0.8 ሚሊሜትር፣ ማለትም የውፍረቱ ግማሽ፣ ይተርፋል። ከዚያ በላይ ከተረፈ ሲመታ ወደ ጎን ይጎብጣል፤ ያ ከሆነ የተቀናው ሁሉ ይጠፋል። መዶሻው ቀላል ይሁን፣ 100 ግራም ገደማ፣ ክብ ራስ ያለው። ሥር ለስላሳ ብረት ወይም መስፍ ይቀመጥ። አመታቱ ከክብደት ይልቅ ብዛት ነው፤ በራሱ ዙሪያ እየዞሩ መታ መታ፣ ከዚያ ገልብጦ በሌላው ወገን፣ ከዚያ እንደገና ገልብጦ። በየመሃሉ ምላጩን ይክፈቱና ይዝጉ። ትክክለኛው ጥብቀት በጣት ሲገፋ የሚሄድ፣ ጣት ሲነሳ ባለበት የሚቆም ነው። ከዚህ በላይ ከጠበቀ ክፋዮቹ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ፤ እንደገና ስለቱ ጎን ለመንካት መንገድ ይከፍታሉ።

ሥራው ሲያልቅ ስለቱ ላይ የቆየው ፕላስተር ይነሳል፣ የፕላስተሩ ሙጫ በአልኮል ይጠረጋል፣ አንገቱና ችንካሩ ዙሪያ አንዲት ጠብታ የማሽን ዘይት ይደረጋል። ያኔ ወደ ድንጋዩ መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በፊት መሳል ድካም ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። የወጣውን አሮጌ ችንካር፣ የተሰበረውን ሮንዴላ፣ የተቆረጠውን ቁራጭ አይጣሉ። በትንሽ ፖስታ ውስጥ አድርገው፣ የትኛው ክፋይ ቀዳዳ እንደተነካ፣ ወደየት ስንት ሚሊሜትር እንደተንቀሳቀሰና በምን ሙጫ እንደተደፈነ በወረቀት ጽፈው ከምላጩ ጋር ያኑሩት። እነዚህ ምላጮች ከእኛ በፊት ሌሎች እጆች ላይ ነበሩ፤ ከእኛም በኋላ ሌላ ሰው ይፈታቸዋል፤ ያ ሰው ከየት እንደሚጀምር ይወቅ።